ልጆቻችን ሲጽፉ እጃቸው ለምን ይደክማል?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ከመግሪብ ሶላት በኋላ ነበር። በወንድሜ ቤት ተቀምጬ ሻይ እጠጣለሁ። የ10 ዓመቱ ልጁ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ የቤት ሥራውን ይገለብጣል። ሦስት መስመር ይጽፍና እጁን ያራግፋል፤ ሁለት መስመር ይጨምርና ጣቶቹን በሌላው እጁ ያሻል። እናቱ ከማድ ቤት ብቅ ብላ፣ «አሁንም አልጨረስክም? ስንፍናህ መቼ ነው የሚለቅህ?» አለችው።

«ኡሚ፣ ሰንፌ አይደለም፤ እጄን አሞኝ ነው» አላት።

«ምክንያት አታጣም» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥኩና እንዲጽፍ ነግሬው እጁን ተመለከትኩ። እስክሪብቶውን የያዘው እንደ ዱላ ጨብጦ ነው። አውራ ጣቱ በአመልካች ጣቱ ላይ ተጠምጥሟል፤ የጣቶቹ መገጣጠሚያ ደም እንደሌለው ነጥቷል። መሃል ጣቱ ላይ እስክሪብቶው ቀይ ጎድጓዳ ምልክት ትቶበታል። ገጹን ገልብጬ በጣቴ ስዳስሰው ፊደላቱ በጀርባው በኩል እንደ ጥልፍ ጎላ ጎላ ብለው ተሰሙኝ።

«አጎቴ፣» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «መድረሳም ስንጽፍ ሁልጊዜ የምጨርሰው መጨረሻ ነው። ልጆቹ ይስቁብኛል። ከእንግዲህ ባልሄድ ደስ ይለኛል።»

ውድ አንባቢያን፣ ይህ የመጨረሻው ቃል ነው ያስደነገጠኝ። ይህ ልጅ ሲቀራ ምላሱ የተፈታ ነው። ከመድረሳ ሊያሸሸው የተነሳው የእምነት ድክመት ወይም የአእምሮ ዝግመት ሳይሆን በሦስት ጣቶች መካከል ያለች አንዲት እስክሪብቶ ናት። እርሱን ሳይ የራሴ ልጅነት ትዝ አለኝ። እኔም ፊደሌ ስለተንጋደደ ጣቶቼን በአለንጋ የተገረፍኩበት ቀን ነበር። ከግርፋቱ በኋላ ብዕሩን የባሰ ጨበጥኩት እንጂ ፊደሌ አልተቃናም። «እንዲህ ያዘው» ብሎ ያሳየኝ ሰው አልነበረም።

ይህ ጽሑፍ ያኔ ማንም ያልነገረኝን ለመንገር የተዘጋጀ ነው።

ብዕር በእስልምና ያለው ቦታ

በአማርኛ «ቀለም» ስንል የምንጽፍበትን ፈሳሽ ማለታችን ነው። በዐረብኛ ግን «ቀለም» ብዕሩ ራሱ ነው። ለነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) መጀመሪያ በወረዱት የሱረቱል ዐለቅ አንቀጾች ውስጥ አላህ (ሱ.ወ.) የሰው ልጅን በብዕር ማስተማሩ ተወስቷል። 68ኛው ምዕራፍም «አል-ቀለም» ተብሎ ይጠራል፤ የሚከፈተውም በብዕር በመማል ነው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው የማይጽፉና የማያነቡ ቢሆኑም ለኡመታቸው የጽሕፈትን በር ከፍተዋል። በሒጅራ 2ኛው ዓመት ከተካሄደው የበድር ዘመቻ በኋላ፣ ገንዘብ የሌላቸው ግን መጻፍ የሚችሉ ምርኮኞች እያንዳንዳቸው 10 የመዲና ልጆችን ጽሕፈት አስተምረው ነፃ እንዲወጡ መደረጉን የሲራ ጸሐፊዎች ዘግበዋል። ይህ ለወንዶች ብቻ የተከፈተ በር አልነበረም። ሺፋእ ቢንት ዐብደላህ (ረ.ዐ.) የምእመናንን እናት ሐፍሷን (ረ.ዐ.) ጽሕፈት እንዳስተማረች በአቡ ዳውድ የሐዲስ ስብስብ ውስጥ እናገኛለን።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሙስሊም ሊቃውንት ጽሕፈትን ራሱን የቻለ ዕውቀት አደረጉት። ስለ ጣቶች አቀማመጥ ሳይቀር ጽፈዋል። በካይሮ የመንግሥት ጸሐፊ የነበረውና በ821 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. በ1418) ያረፈው አል-ቀልቀሸንዲ «ሱብሑል አዕሻ» በተሰኘው ግዙፍ ሥራው ለብዕር፣ ለቀለምና ለአያያዝ ሰፊ ቦታ ሰጥቷል። ከቀደምት የጽሕፈት ሊቃውንት ተቀብሎ ያስተላለፈው ምክር ባጭሩ ይህ ነው፦ ብዕሩ በአውራ ጣት፣ በአመልካች ጣትና በመሃል ጣት ጫፎች ይያዝ፤ ጣቶቹ ይዘርጉ እንጂ አይጨበጡ፤ ጸሐፊው በብዕሩ ላይ በኃይል አይደገፍ፣ እንዲሁም አላልቶ አይያዘው።

ከ600 ዓመታት በኋላ ዛሬ የእጅ ሕክምና ባለሙያዎች ለተማሪዎች የሚሰጡት ምክር ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ሕመሙ ከየት ይመጣል?

የሰው እጅ 27 አጥንቶች አሉት። 8ቱ በእጅ አንጓ፣ 5ቱ በመዳፍ፣ 14ቱ በጣቶች ውስጥ ይገኛሉ። ጣቶቻችን ራሳቸው ጡንቻ የላቸውም። የሚያንቀሳቅሷቸው ጡንቻዎች ከፊሉ በመዳፍ፣ ከፊሉ ደግሞ በክንድ ውስጥ ሆነው በረጃጅም ጅማቶች የሚስቡ ናቸው። ብዙ የጻፈ ተማሪ ከጣቱ አልፎ እስከ ክርኑ ድረስ የሚሰማው ሕመም ምክንያቱ ይህ ነው።

ጡንቻ ሲኮማተርና ሲላላ ደም እንደልብ ይዘዋወርበታል። ሳይላላ ለረጅም ጊዜ ተኮማትሮ ሲቆይ ግን የደሙ ዝውውር ይቀንሳል፤ ከዚያም ድካምና የማቃጠል ስሜት ይከተላል። አንድ ባልዲ ውኃ ተሸክሞ መንገድ መሄድ ይቻላል፤ ያንኑ ባልዲ ክንድን ዘርግቶ ይዞ መቆም ግን ከደቂቃ በላይ አያስኬድም። እስክሪብቶን ጨብጦ የሚጽፍ ልጅ ገጹን እስኪጨርስ ድረስ ባልዲውን ዘርግቶ የቆመ ያህል ነው።

በልጆች ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ሲወለዱ የእጅ አንጓቸው ገና ወደ አጥንትነት አልተለወጠም። ትንንሾቹ አጥንቶች በየተራ እየጠነከሩ ይሄዳሉ፤ የመጨረሻው መጠንከር የሚጀምረው ልጁ ከ8 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። የ2 ዓመት ልጅ እርሳስን በሙሉ መዳፉ መጨበጡ ተፈጥሮ ነው። በሦስት ጣት መያዝ በአብዛኛው የሚመጣው ከ4 እስከ 6 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ስለዚህ የ4 ዓመት ሕፃን በመስመር ላይ እንዲጽፍ ማስጨነቅ ያልደረሰ እህል እንደማጨድ ነው።

እንዴት እንያዝ?

ከልጅዎ ጎን ይቀመጡና የሚከተለውን አብረው ይሞክሩ።

1ኛ/ እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ ጫፉ ወደ ልጁ ዞሮ እንዲቀመጥ ያድርጉ። ከተቀረጸው በላይ፣ ከጫፉ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ በአውራ ጣቱና በአመልካች ጣቱ እንደ ሽምብራ ፍሬ ቆንጥጦ ያንሳው። በሌላኛው እጁ የእርሳሱን ጀርባ ገፋ አድርጎ ወደ ራሱ ይገልብጠው። እርሳሱ በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት መካከል ባለው ሥጋ ላይ ጋደም ይላል።

2ኛ/ መሃል ጣት ከታች ሆኖ እንደ ትራስ ይደግፍ። እርሳሱ የሚያርፈው በጣቱ ጎን፣ ከጥፍሩ አጠገብ ነው። የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ወደ መዳፍ እጥፍ ብለው ወረቀቱ ላይ ይረፉ። እነዚህ ሁለቱ አልታጠፍ ካሉ ልጁ ትንሽ ቁራጭ ጨርቅ በውስጣቸው ይዞ ይጻፍ።

3ኛ/ ሲጽፍ ሳለ እርሳሱን ከጀርባው ቀስ ብለው ይሳቡት። በትንሽ ኃይል ከወጣ አያያዙ ልከኛ ነው። እጁ አብሮ ከመጣ ግን ጨብጦታል ማለት ነው። ይህን እየሳቁ እንደ ጨዋታ ቢያደርጉት ልጁ በራሱ መላላትን ይለምዳል።

4ኛ/ የጻፈበትን ገጽ ጀርባ ይዳስሱ። ፊደሉ በጣት የሚታወቅ ከሆነ ጫናው በዝቷል። «ከጀርባ የማይዳሰስ መስመር ጻፍልኝ» ይበሉት።

5ኛ/ የእጅ አንጓው አንድ ቦታ ተቸክሎ አይቅር። ክንዱ ከእጁ ጋር በመስመሩ ላይ ይንሸራተት። ጽሕፈት የጣት ብቻ ሥራ አይደለም። የዐረብኛ ፊደላትን በነጥብ መጠን የለካው የባግዳዱ ወዚር ኢብን ሙቅላ ቀኝ እጁ በግፍ ከተቆረጠ በኋላ ብዕሩን በክንዱ ላይ አስሮ ይጽፍ እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ያወሳሉ። በ328 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. በ940) በእስር ቤት አረፈ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ከሦስት ጣት አያያዝ ውጭ ያለው ሁሉ ስሕተት ነው ማለት አይደለም። አራት ጣት አሳርፈው ወይም አውራ ጣታቸውን አሻግረው በፍጥነትና በግልጽ የሚጽፉ ብዙዎች አሉ። በካናዳ በ120 የ4ኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት፣ በተለመዱት አራት ዓይነት አያያዞች መካከል በፍጥነትም ሆነ በአነባበብ የጎላ ልዩነት አላገኘም። እንግዲያው መመዘኛው የጣቱ ቅርጽ ብቻ አይደለም። ልጁን ያመዋል? ቶሎ ይደክመዋል? የጻፈው ይነበባል? ካላመመውና ከተነበበ ይተዉት። የሦስት ጣት አያያዝን የምናስተምረው ወደ ልስላሴ የሚያደርስ ቀላል መንገድ ስለሆነ ነው።

አቀማመጥና ብርሃን

ደብተርን ጉልበት ላይ ወይም አልጋ ላይ አድርጎ መጻፍ አንገትንም እጅንም ይጎዳል። ወንበርና ጠረጴዛ ካለ የልጁ እግር መሬት ይንካ፤ ካልደረሰ ከሥሩ ሳጥን ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ ይደረግለት። ጠረጴዛው ከክርኑ እጅግ ከፍ ያለ ከሆነ ትከሻውን ሰቅሎ ስለሚጽፍ ቶሎ ይደክመዋል፤ ሲቀመጥ ትራስ ይጨመርለት። ጠረጴዛ በሌለበት ቤት ምንጣፍ ላይ እግሩን አጣጥፎ ተቀምጦ ደብተሩን ሰፊ በርጩማ ላይ ቢያደርግ ከጉልበቱ እጅግ ይሻላል። በቀኝ እጁ ለሚጽፍ ብርሃኑ ከግራ በኩል ይምጣ፤ አለበለዚያ የራሱ እጅ ጥላ ይጥልበታል። የማይጽፍበት እጁ ወረቀቱን ይያዝ።

አንድ እጅ፣ ሁለት አቅጣጫ

የእኛ ልጆች ከሌሎች የሚለዩበት አንድ ነገር አለ። ጠዋት በትምህርት ቤት አማርኛና እንግሊዝኛን ከግራ ወደ ቀኝ ይጽፋሉ፤ ከሰዓት በኋላ በመድረሳ ዐረብኛን ከቀኝ ወደ ግራ ይጽፋሉ። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ነገር ግን እጁ ሁለት ዓይነት ጉዞ መማር እንዳለበት አንርሳ።

የግዕዝ ፊደል ለየብቻው የሚቆም ስለሆነ ብዕሩ በየፊደሉ ይነሳል፤ እጅም በየመሃሉ ጥቂት ያርፋል። በዚህ ጊዜ የወረቀቱ ራስጌ ወደ ግራ ትንሽ ዘንበል ቢል ለቀኝ እጅ ይመቻል። ከዐረብኛ 28 ፊደላት ውስጥ ግን 22ቱ ከበፊታቸውም ከበኋላቸውም ጋር ይያያዛሉ። እጁ ቃሉን ሳያነሳ ስለሚጽፍ ክንዱ እንዲንሸራተት ያስፈልጋል። አንጓውን ተክሎ የሚጽፍ ልጅ አማርኛውን እንደምንም ተወጥቶት በዐረብኛው የሚቸገረው ለዚህ ነው። በተጨማሪም በቀኝ እጁ ዐረብኛ ሲጽፍ እጁ ቀደም ሲል በጻፈው ላይ ያልፋልና ቀለሙን ያሻሽዋል። መፍትሔው እጅን ከመስመሩ በታች ማድረግ ነው። በሎህ ላይ በጥላሸት ቀለምና በመቃ ብዕር የጻፉ ደረሶች ይህን በደንብ ያውቁታል፤ እርጥቡን ቀለም የነካ እጅ ከራሱ ተምሮ ዝቅ ይላል።

መሣሪያውም ልዩነት አለው። የመቃ ብዕር ሲጫኑት ጫፉ ስለሚሰነጠቅ ልስላሴን በግድ ያስተምራል። ከ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተስፋፋው ባለ ኳስ እስክሪብቶ ግን ቀለም የሚያወጣው ኳሷ ስትሽከረከር ነው፤ የደረቀ ወይም ርካሽ ከሆነ ልጁ እንዲጫን ያስገድደዋል። ለጀማሪ ለስላሳ እርሳስ ይመረጣል። ከጣት ያጠረ ቁራጭ እርሳስ ግን ቁጠባ መስሎን ለልጅ ብንሰጠው እንዲጨብጥ እያስተማርነው ነው። ቀጭን እስክሪብቶ የሚያዳልጠው ልጅ በመያዣው ላይ ቁራጭ ጨርቅ ወይም ላስቲክ ቢጠመጠምለት ይቀልለዋል።

በግራ እጁ የሚጽፍ ልጅ

ከ10 ሰዎች አንዱ ያህል ግራኝ ነው። ብዙ ወላጆች ይህን ሲያዩ ይደነግጣሉ፤ እጁን የሚያስሩም አሉ። በቀኝ እጅ መብላትና መጠጣት የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ትእዛዝ ነውና ልጁን ከሕፃንነቱ ጀምሮ በፍቅር እናለማምደዋለን። በጽሕፈትም ገና ሲጀምር ቀኙን እንዲሞክር መጋበዝ መልካም ነው። ነገር ግን በቀኙ መጻፍ በተፈጥሮው የሚከብደው ሰው በግራው ቢጽፍ ኃጢአት እንደሌለበት ብዙ ዑለማዎች ተናግረዋል። ጥርጣሬ ያለው ወላጅ በአቅራቢያው ያሉትን ዑለማ ይጠይቅ እንጂ ዱላ አያንሳ።

ለግራኝ ልጅ የወረቀቱ ራስጌ ወደ ቀኝ ይዘንበል፤ እርሳሱን ከጫፉ ትንሽ ራቅ አድርጎ ይያዝ፤ ብርሃኑም ከቀኝ ይምጣለት። አማርኛ ሲጽፍ እጁ የጻፈውን እንዳያሻሽበት ክንዱን ከላይ እንደ መንጠቆ ያጥፋል፤ ይህ አንጓውን ያደክመዋል። ከመስመሩ በታች እንዲጽፍ ያሳዩት። በዐረብኛ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ጓደኞቹ የሚቸገሩበት ለእርሱ ይቀልለዋል።

በቤት ውስጥ የጣት ልምምድ

ጣት የሚጠነክረው በመጻፍ ብቻ አይደለም። ሰፌድ ላይ ምስር መልቀም፣ ሊጥ ማቡካት፣ ልብስ መጭመቅ፣ የልብስ መቆንጠጫ መክፈትና መዝጋት፣ ሙስበሓን በአውራ ጣት አንድ በአንድ ማሳለፍ እርሳስ የሚይዙትን ጣቶች ያሠራሉ። ወንድ ልጅ ምስር ቢለቅም ክብሩ አይቀንስም፤ እናቱንም ያግዛል።

አዲስ አያያዝ ማስለመድ የሚቻለው በቀን 10 ደቂቃ ያህል ለሳምንታት በመታገሥ ነው። መጀመሪያ ላይ ጽሕፈቱ ከበፊቱ ይብሳል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። የቤት ሥራውን ሁሉ በአዲሱ አያያዝ እንዲጽፍ አያስገድዱት። የ8ኛ ወይም የ12ኛ ክፍል ፈተና የደረሰባችሁ ወጣቶች ደግሞ አሁን አያያዝ አትለውጡ። ይልቅ ጫናውን ቀንሱ፤ በየገጹ መጨረሻ እስክሪብቶውን አስቀምጣችሁ ጣቶቻችሁን ዘርጉ፤ ትከሻችሁን አውርዱ። እጅን የሚያደነዝዝ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ወይም ሳይጻፍም የማይለቅ ሕመም ካለ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል።

ልስላሴ የገባበት ነገር

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ልስላሴ የገባበትን ነገር ሁሉ እንደሚያሳምር፣ የተነሳበትን ነገር ደግሞ እንደሚያበላሽ አስተምረውናል። በብዕር ያየነው ይህንኑ ነው፤ የጨበጡት ብዕር አይታዘዝም። ልጅም እንደዚሁ ነው። «ሰነፍ» የተባለ ልጅ የባሰ ይጨብጣል፤ የጨበጠ እጅ የባሰ ያመዋል፤ ያመመው ልጅ ደብተሩን ይጠላል፤ ደብተሩን የጠላ ደግሞ ቀስ በቀስ ከመድረሳው ይቀራል። ይህ ሰንሰለት የሚበጠሰው ከመጀመሪያው ቃል ላይ ነው።

ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ከጁሙዓ ሶላት መልስ ወንድሜ ቤት ጎራ አልኩ። ልጁ በርጩማው ላይ ተደግፎ ይጽፋል። ጽሕፈቱ አምሯል ብዬ አልዋሽም፤ አሊፎቹ አሁንም እንደ ሰካራም ያዘነብላሉ። ገጹን ገልብጬ ዳሰስኩት፤ ጀርባው ለስላሳ ነው። መሃል ጣቱ ላይ የነበረው ቀይ ምልክትም ደብዝዟል።

«መድረሳስ?» አልኩት።

«እሄዳለሁ። ትናንት መጨረሻ የጨረስኩት እኔ አይደለሁም» አለኝ ሳቅ ብሎ።

እናቱ ሻይ ይዛ መጥታ ቆማ ታዳምጠን ነበር። «ወንድምዓለም፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ ሰነፍ እያልኩ ሆዱን አሻክሬዋለሁ» አለችኝና ወደ ልጇ ዞራ ራሱን ዳበሰችው። «አፉ በለኝ፣ የኔ ልጅ።»

ዛሬ ማታ ልጅዎ ሊጽፍ ሲቀመጥ ከደብተሩ በፊት ጣቶቹን ይመልከቱ። አላህ (ሱ.ወ.) የልጆቻችንን እጅ መልካም የሚጽፍ፣ ልባቸውንም የጻፉትን የሚሠራበት ያድርግልን። አሚን!